ሠላሳ ልጅ፣ ሠላሳ ዛፍ፦ የተፈጥሮ ክበብን ወደ ዕፅዋት ማዕከል ለሚወስዱ መምህራን

ልጆችን መናፈሻ መውሰድ አይከብድም። አውቶቡስ ይከራያሉ፣ ዳቦና ውሃ ይይዛሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይመለሳሉ። ሽርሽር ነው፤ ሽርሽር ደግሞ አይጠላም። አካባቢ ጥበቃን ለማስተማር ግን አንድ ቀን አይበቃም። ልጁ «የእኔ» የሚለው ዛፍ፣ በእጁ የሚሠራው ሥራና ተመልሶ የሚመጣበት ቀን ያስፈልገዋል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከመስከረም ተነስቶ በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ያልቃል። የታሰበው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ 30 ልጆች ነው። ክበብዎ 60 አባላት ካሉት በሁለት ዙር ይውሰዷቸው። እኔ አንድ ጊዜ 62 ልጆች በአንድ አስጎብኚ ይዤ ወጥቼ ነበር፤ ግማሾቹ ያዩት ከፊታቸው የቆመውን ልጅ ጀርባ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታ ይምረጡ (መስከረም)

አዲስ አበባ ካሉ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂዱ። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ስፋቱ 705 ሄክታር ሲሆን በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ በኩል፣ በእንጦጦ ተራሮች ላይ ይገኛል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው አገር በቀል ዛፍና ባሕር ዛፍ በአንድ ቦታ ስለሚገኙበት ነው፤ ልጆቹ የሚያነጻጽሩት ነገር አያጡም። እንጦጦ ፓርክም ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆኑ በአቅራቢያዎ ያለ የቤተ ክርስቲያን ደን ይበቃል። በጎጃምና በጎንደር ብዙ ቦታ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ አገር በቀል ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። አስተዳዳሪውን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ልጆቹም የቅጥሩን ሥርዓት አክብረው ይግቡ።

ከትምህርት ቤቱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ቦታ አይምረጡ። በዓመቱ ውስጥ ተመልሰው ስለሚሄዱ ሩቅ ቦታ ያሰለቻል፣ ገንዘብም ይጨርሳል።

ደረጃ 2፦ ደብዳቤ ይጻፉ

ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀድመው የትምህርት ቤቱ ማህተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ለማዕከሉ ያስገቡ። ደብዳቤው ላይ የልጆቹን ቁጥር፣ የክፍል ደረጃቸውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጥቀሱ። «ለጉብኝት» ብለው ብቻ አይጻፉ። ዛፍ እንደሚለኩ፣ በጣሳ ውሃ አፍስሰው አፈር እንደሚፈትሹና በየካቲት ተመልሰው እንደሚመጡ ያስረዱ። አስጎብኚ እንዲመደብልዎ በዚያው ይጠይቁ።

ለወላጆች የፈቃድ ቅጽ ያዘጋጁ። ሁለት ስልክ ቁጥርና የልጁን የጤና ሁኔታ የሚሞሉበት ቦታ ይኑረው። አስም ያለበትን ልጅ፣ ንብ ሲነድፈው የሚያብጠውንም አስቀድመው ይወቁ።

ደረጃ 3፦ ብቻዎን ቀድመው ይሂዱ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እርስዎ አይዝለሉት። ከአስጎብኚው ጋር መንገዱን በእግርዎ ይሂዱበት፤ የፈጀብዎትን ጊዜ ይያዙና በሁለት ያባዙት። የልጆች እግር የሚሄደው በዚያ ልክ ነው።

30 ዛፎች ይምረጡ። ሁሉም ከመንገዱ ከ20 እርምጃ ባልበለጠ ርቀት ላይ ይሁኑ። ዓይነታቸውን ያሰባጥሩ፦ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ግራር፣ ጥቂት ባሕር ዛፍም ይጨምሩ። የየዛፉን ቦታ በወረቀት ላይ በእጅዎ ይሳሉ፤ ሥዕሉ ማማር የለበትም፣ እርስዎ ካወቁት ይበቃል።

ሳማ የበዛበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት። ቁልቋልና ቅንጭብ ካለም ይመዝግቡ፤ ወተታቸው ዓይን ውስጥ ከገባ አደጋ ነው። መጸዳጃ ቤቱንና ዝናብ ቢመጣ የሚጠለሉበትን ቦታ ያረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ዕቃ ያሰባስቡ

30ውን ልጆች በስድስት ስድስት ከፍለው አምስት ቡድን ያድርጉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ አጉሊ መነጽር፣ የእጅ ሰዓት፣ ሁለት ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድና አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይመድቡ። የቆርቆሮውን ታች ቤትዎ ሆነው ይቁረጡት፤ ከላይም ከታችም ክፍት ቱቦ ይሁን። የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚሆን በፕላስተር ይጠቅልሉት። ልጆች እንዲቆርጡት አይስጧቸው።

ለየልጁ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተርና እርሳስ ያስፈልጋል። እስክሪብቶ አይሁን፤ ዝናብ ከነካው ይጠፋል። ደብተሩን በካርቶን ይለብዱት፤ ቆሞ ለመጻፍ ይመቻል።

ለራስዎ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ሳጥን፣ ፊሽካና የስም ዝርዝር ይያዙ። ልጆቹ ሹራብና የተሸፈነ ጫማ እንዲያደርጉ ከሁለት ቀን በፊት ይንገሯቸው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣልና ጠዋት ብርዱ ይቆነጥጣል።

ደረጃ 5፦ በግቢው ዛፍ ላይ ያለማምዷቸው

ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ልጆቹን በትምህርት ቤቱ ግቢ ካለ አንድ ዛፍ ሥር ይሰብስቡ። የግንዱን ዙሪያ እንዴት እንደሚለኩ ያሳዩአቸው። ልኬቱ ሁልጊዜ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይወሰዳል። በየቡድኑ አንድ ልጅ ይህ ከፍታ ደረቱ ላይ ይሁን አንገቱ ላይ ይለካ፤ ከዚያ ወዲህ የቡድኑ «ሜትር» እሱ ነው።

ለትልልቆቹ ቁመት መለካት ይጨምሩ። አንድ ሜትር የሆነ ዱላ ቀጥ አድርገው ያቁሙና ጥላውን ይለኩ። ወዲያው የዛፉን ጥላ ይለኩ። የዱላው ጥላ 50 ሴንቲ ሜትር፣ የዛፉ ጥላ 6 ሜትር ከሆነ ዛፉ 12 ሜትር ነው። ፀሐይ ከሌለች አይሠራም።

ሦስት ደንብ ይስጧቸው፦ አይቀጠፍም፣ አይቀመስም፣ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ይመለሳል። አራተኛ ደንብ አይጨምሩ፤ ሦስቱንም ይረሷቸዋል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያውን ጉዞ በጥቅምት ያድርጉ

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ያልደረቀበት ጊዜ ነው፤ ሣሩ አረንጓዴ፣ ምንጩም ውሃ አለው። ጠዋት 2 ሰዓት ይነሱ። እንደደረሱ ልጆቹን ይቁጠሩ። ከዚያ ንግግር ሳያደርጉ ወደ ውስጥ ይግቡ።

200 እርምጃ ያህል ከሄዱ በኋላ ያስቁሟቸው። «አምስት ደቂቃ ማንም አይናገርም፤ የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ» ይበሏቸው። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ የሚጽፉት ይገርምዎታል፦ ወፍ፣ ንፋስ፣ የሩቅ መኪና ጥሩምባ፣ የመጥረቢያ ድምፅ። ዝርዝሩን አያርሙት፣ አስተያየትም አይስጡበት። በየካቲት ከሚጽፉት ጋር ያስተያዩታል።

ደረጃ 7፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ዛፉን ያስረክቡ

በሳሉት ካርታ መሠረት ልጆቹን አንድ በአንድ ከዛፎቻቸው አጠገብ ያቁሙ። ዛፍ ራሳቸው እንዲመርጡ አይተዋቸው። ሠላሳውም ትልቁን ዛፍ ይመርጣሉ፤ ሳይጣሉም አይቀሩም።

ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ይስጡ። በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ፦ የዛፉን ስም ከአስጎብኚው ጠይቆ መጻፍ፤ ዙሪያውን መለካት፤ አንድ የወደቀ ቅጠል አንስቶ በልኩ መሳል፤ ወረቀት ቅርፊቱ ላይ ለጥፎ በእርሳስ ጎን ማሸትና መልኩን ማንሳት። በመጨረሻ በአጉሊ መነጽር ግንዱን ከላይ እስከ ታች ማየትና የሚኖርበትን መቁጠር። ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ ሽበት የተባለው ጢም መሰል ተንጠልጣይ፣ የወፍ ጎጆ፤ ሁሉም ይቆጠራል።

በዚህ ጊዜ እርስዎ ዝም ብለው ይዙሩ። «ቲቸር፣ የእኔ ዛፍ ምንም የለውም» የሚል ልጅ ይመጣል። ተንበርክከው ከሥሩ ያለውን የረገፈ ቅጠል በጣትዎ ገለጥ ያድርጉለት። ከዚያ በኋላ አይጠራዎትም።

ዛፉ ላይ ስም መቅረጽም ሆነ ምስማር መምታት አይፈቀድም። ምልክት ካስፈለገ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን በሲባጎ ላላ አድርገው ያስሩ፤ ለዚህም አስቀድመው ያስፈቅዱ።

ደረጃ 8፦ ሦስት ዕፅዋት ላይ ብቻ ያስቁሙ

አስጎብኚው ሁሉንም ማሳየት ይፈልጋል፤ ዕውቀቱ ብዙ ነውና አይፈረድበትም። በአክብሮት «ጋሼ፣ ዛሬ ሦስት ብቻ» ይበሉት።

መጀመሪያ ኮሶ። ለኮሶ ትል መድኃኒትነቱን አያቶቻቸው ያውቁታል። ወንዴና ሴቴ አበባው በተለያየ ዛፍ ላይ እንደሚገኝ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የሴቴው አበባ ቀላ ይላል፣ የወንዴው ፈዘዝ ያለ ነው። የሚያብብ ካገኙ ልጆቹ ራሳቸው ይለዩት። ቀጥለው ይጠይቋቸው፦ «ሴቴዋ ብቻ ብትቀር ዘር ከየት ይመጣል?»

ሁለተኛ እንዶድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩትን ይተርኩላቸው። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የቢልሃርዚያን ተውሳክ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አንድ ሰው ቆም ብሎ በማየቱ የእናቶች ሳሙና የምርምር ርዕስ ሆነ። ከገበያ የገዙትን የተወቀጠ እንዶድ አንድ ማንኪያ በሃይላንድ ውሃ ውስጥ ጨምረው ይበጥብጡት፤ አረፋው ይነሳል። ልጆቹ እንዳይቀምሱት፣ ዓይናቸውንም እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ውሃውን ወንዝ ውስጥ አይድፉት፤ ዓሣም ይገድላል። ይዘውት ይመለሱና መጸዳጃ ቤት ይድፉት።

ሦስተኛ ባሕር ዛፍ። እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። ልጆቹ ባሕር ዛፍን «ጠላት» ብለው ተምረው ሊመጡ ይችላሉ። ታሪኩን በአጭሩ ይንገሯቸው፦ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለውን እንጨት ጨርሳ ስትቸገር ከአውስትራሊያ የተገኘ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ያቆጠቁጣል። የከተማዋ ቤትና ምድጃ የቆመው በእሱ ነው፤ ዛሬም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ኑሯቸው ከእሱ ጋር ነው። ከዚያ ልጆቹን ከባሕር ዛፍ ሥርና ከወይራ ሥር የሚበቅለውን ያስቆጥሯቸው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ በሲባጎ ይከልሉ። በየካሬው ስንት ዓይነት ተክል አለ? ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ይጻፉት። ፍርዱን ለእነሱ ይተዉ።

ደረጃ 9፦ መሬቱ ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ ይፈትሹ

የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ ያውጡ። ሦስት ቦታ ይምረጡና ለቡድኖቹ ያከፋፍሏቸው፦ ሰው የረገጠው መንገድ ዳር፣ የአገር በቀል ዛፍ ሥር፣ የባሕር ዛፍ ሥር። ቆርቆሮውን መሬት ላይ ያቁሙት። ጠፍጣፋ ጣውላ ከላይ ያድርጉና በድንጋይ ቀስ አድርገው ይምቱት፤ 3 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ጣሳው ካዘመመ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ፤ ውሃው በጎን ካመለጠ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

ግማሽ ሊትር ውሃ በአንዴ ይጨምሩ። ሰዓት መያዝ ይጀምሩ። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲሰርግ ያቁሙ። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ይድገሙት። 15 ደቂቃ አልፎት ካልሰረገ «ከ15 ደቂቃ በላይ» ብለው ይጻፉና ይተዉት።

የተረገጠው መሬት ይዘገያል። ውሃው ካልሰረገ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቋቸው፤ ወደ ታች በጣታቸው ያመልክቱ። ታች ያለችው አዲስ አበባ ናት። ቀበናን የመሳሰሉ የከተማዋ ወንዞች ከእንጦጦ ተነስተው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ አቃቂም አዋሽ ይገባል። ወንዝ ዳር የሚኖር ልጅ ከመካከላቸው ካለ በነሐሴ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ እሱ ይናገር። ከእርስዎ ገለጻ የእሱ ይበልጣል።

ቀዳዳውን ይድፈኑ፣ ቆርቆሮዎቹን ይቁጠሩ፣ ልጆቹንም ይቁጠሩ። ቆሻሻውንም ይዘው ይውጡ።

ደረጃ 10፦ የሦስቱን ሃይላንድ ሙከራ ይሥሩ (ኅዳር)

ይህ በክፍል ውስጥ ይሠራል። ሦስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ያጋድሙ። የላይኛውን ጎን እንደ ጀልባ ከፍተው ይቁረጡት። አፉን አይንኩት፤ ክዳኑን ብቻ ያውጡ። ሦስቱንም እስከ አፉ ጠርዝ ድረስ እኩል አፈር ይሙሏቸው፤ አፈሩን በእጅዎ ጠቅጠቅ ያድርጉት።

የመጀመሪያውን ባዶውን ይተዉት። በሁለተኛው ላይ ገብስ ጥቅጥቅ አድርገው ይዝሩና ለሁለት ሳምንት ውሃ ያጠጡ። ገብሱ ጣት ሲያህል በሦስተኛው ላይ ደረቅ ቅጠል ያልብሱ።

ሦስቱንም ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ አፋቸው ወደ ውጭ፣ ኋላቸው በመጽሐፍ ከፍ ብሎ ያስቀምጧቸው። በየአፋቸው ሥር ነጭ ብርጭቆ ያቁሙ። አፈራቸውን በጥቂት ውሃ እኩል ያርሱ። ከዚያ ክዳኑ የተበሳሳ ሃይላንድ በመጠቀም በእያንዳንዳቸው ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ እንደ ዝናብ ያርከፍክፉ። ቁመቱና ፍጥነቱ እኩል ይሁን፤ አንድ ልጅ ሦስቱንም ያጠጣ።

ብርጭቆዎቹን በመስኮት ብርሃን ፊት ይደርድሩ። ባዶው የሰጠው ውሃ እንደ ቡና የጠቆረ ይሆናል። ለ24 ሰዓት ይተዉትና ከሥር የዘቀጠውን አፈር በማስመሪያ ይለኩ።

ደረጃ 11፦ ዘር ይዝሩ (ጥር)

ግራር ይምረጡ። ወይራና ጽድ የተከበሩ ዛፎች ናቸው፣ ለመብቀል ግን ይዘገያሉ፤ ልጅ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። የግራር ዘር በትክክል ከተዘጋጀ በጥቂት ሳምንት ብቅ ይላል። የደረቀ ፍሬውን ከትምህርት ቤቱ አካባቢ ከመሬት ይልቀሙ፤ እሾሁን ይጠንቀቁ። ከዕፅዋት ማዕከሉ ግን ሳያስፈቅዱ ዘር አያውጡ።

ዘሩን ከቅርፊቱ ይለዩ። ተባይ የበሳውን ይጣሉ። ውሃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱ። ለጥቂት ደቂቃ ይታገሱና ዘሩ ላይ ይገልብጡት፤ እሳት ላይ እንዳለ አይጨምሩት፣ ይቀቀላል። ዓላማው የዘሩን ጠንካራ ሽፋን ማለስለስ ነው። እስከ ማግሥቱ ይተዉት። ያበጠውን ይዝሩ፤ ያላበጠውን በድጋሚ ሙቅ ውሃ ይንከሩት። ፍል ውሃውን እርስዎ ይያዙ።

አፈሩን ያዘጋጁ፦ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። በወንፊት ይንፉት። በችግኝ ፕላስቲክ ይሙሉ፤ ፕላስቲኩ ከሌለ ከታች የተበሳ የወተት ላስቲክ ያገለግላል። በየፕላስቲኩ ሁለት ዘር፣ የዘሩን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ጥልቀት ላይ ያስገቡ። በሣር ዳስ ያጥሉበት። ጠዋትና ማታ በጥቂቱ ያጠጡ። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን ይቁረጡ፤ አይንቀሉት፣ የጎረቤቱን ሥር ይጎዳል።

30 ችግኝ ከፈለጉ 60 ፕላስቲክ ይሙሉ። የዕረፍት ቀን ተረኛ ካላስቀመጡ ሰኞ ጠዋት የደረቀ ነው የሚያገኙት።

ደረጃ 12፦ በበጋ ይመለሱ (የካቲት)

ወደዚያው ቦታ፣ ወደዚያው ዛፍ ይመለሱ። የአምስት ደቂቃውን ዝምታ ይድገሙ። የቆርቆሮውን ሙከራም በዚያው ቦታ ይድገሙ። ልጆቹ ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ዘርግተው የተለወጠውን ያስምሩበት።

ዛፉ በአራት ወር ውስጥ የወፈረው ከቁጥር የማይገባ ሊሆን ይችላል። «አላደገም» ብለው ቅር የሚላቸው ይኖራሉ። ከጎኑ ጉቶ ካገኙ ቀለበቶቹን ያስቆጥሯቸው። ከዚያ ያንን ዛፍ ለመቁረጥ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይጠይቁ። መልሱን ሲሰጡ ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ሥራ ይለፉ።

ደረጃ 13፦ ጉድጓዱን በሰኔ መጀመሪያ ይቆፍሩ

የሚተከልበትን ቦታ ያስፈቅዱ፦ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የወረዳ አረንጓዴ ቦታ፣ ወይም ማዕከሉ ራሱ የሚሰጥዎት ቦታ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አይሁን፤ ከግንብም ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። ውሃ የሚያጠጣ ሰው የሌለበት ቦታ ከሆነ ይተዉት።

በመቆፈሪያና በአካፋ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፍሩ። የላይኛውን ጥቁር አፈር በቀኝ፣ የታችኛውን በግራ ለየብቻ ይከምሩ። በየጉድጓዱ መካከል 3 ሜትር ይተዉ። ወላጆችን ለቁፋሮው ቀን ይጥሯቸው፤ ለንግግር ከመጥራት ይሻላል።

በዚሁ ወር ችግኞቹን ያጠንክሯቸው። ዳሱን ቀስ በቀስ ያንሱ፣ ውሃውን ይቀንሱ። ፕላስቲኩን በስቶ የወጣ ሥር ካለ በመቀስ ይቁረጡት።

ደረጃ 14፦ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ይትከሉ

ከዚህ አይዘግዩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ይበተናሉ፤ የወላጆችን ስልክ ይዘው ይጠብቁ።

መሬቱ በደንብ የራሰበትን፣ ደመናማ የሆነ ጠዋት ይምረጡ። ችግኙን በግንዱ አይያዙት፤ ከነፕላስቲኩ ከታች ይደግፉት። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ ወደ ታች ይሰንጥቁና ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ምላጩን እርስዎ ወይም ሌላ አዋቂ ይያዝ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ማሳሰብ ረስቼ ልጆቹ ከነፕላስቲኩ ቀብረውት ነበር። በዓመቱ የደረቁትን ስንነቅል ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ አገኘነው።

ጥቁሩን አፈር መጀመሪያ ይመልሱ። ችግኙን ያቁሙ፤ የአፈሩ ከፍታ በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረው ጋር እኩል ይሁን። የቀረውን አፈር ይሙሉ። በተረከዝ ዙሪያውን ጠበቅ አድርገው ይርገጡ። ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ከተነቃነቀ እንደገና ይርገጡት። ደረቅ ሣር ዙሪያውን ይጎዝጉዙ፣ ግንዱን ግን አያስነኩት። ፍየልና በግ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ በእሾህ ይጠሩት።

ፕላስቲኮቹን ሰብስበው ይቁጠሩ። 30 ችግኝ ከተከሉ 30 ፕላስቲክ መገኘት አለበት።

ደረጃ 15፦ ያጠጡ፣ ይቁጠሩ

ዝናቡ ካቆመበት ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት አንድ ሃይላንድ፣ ማለትም 2 ሊትር ውሃ ይመድቡ። ጠዋት ወይም አመሻሹ ላይ ይጠጣ።

በጥቅምት ልጆቹን ሰብስበው ቆጠራ ያድርጉ። የቆመ፣ የታመመ፣ የሞተ ብለው በሦስት ዓምድ ይመዝግቡ። የሞተውን አይደብቁ፤ ለምን እንደሞተ ባለቤቱ ልጅ ቆፍሮ ይይ። ምስጥ? ውሃ ማጣት? ፍየል? ምክንያቱን በደብተሩ ይጻፍ፤ በቦታው የሚተካውም እንደዚያው ይታሰብ። ቁጥሩን በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከተተከለው ቁጥር ጎን ይለጥፉት።

8ኛ ክፍልን የጨረሱ ልጆች ዛፋቸውን ከነደብተሩ ለአዲስ አባል ያስረክቡ። ለማዕከሉ የሁለተኛውን ዓመት ደብዳቤ የሚጽፉት በዚያው ሳምንት ነው፤ የቆጠራውን ውጤት አብረው አያይዙት።